ድንጋዩ የወጣበት ቀዳዳ

እምብርት ላይ የተበሳች፣ ከትንሽ ጣት የማትሰፋ ቀዳዳ ውስጧ በክር ይሰፋ ወይስ ይተው? ባህር ማዶ ቀዶ ሕክምና ስማር አንዱ አስተማሪ «ይሰፋ» ሲል፣ ሌላው «ቆዳውን መዝጋት ይበቃል» ይል ነበር። እኔ የሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ፤ ጓዜ ሁሉ ጥርጣሬ ነው።

አንድ ቀን፣ ድንጋይ የያዘ የሐሞት ከረጢታቸውን ሆዳቸውን ሳልከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቼ የማወጣላቸው የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። ዕቃ ተሸካሚ ናቸው፤ ቁም ሳጥን ለብቻቸው ፎቅ ስለሚያወጡ ሰፈሩ «ክሬኑ» ይላቸዋል።

«ሆድ መብሳት ለመማር ነው ያን ያህል ዓመት የጠፋሽው?» አሉኝ፣ ማደንዘዣው ሳይሰጣቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኦፕራሲዮኑ ቀዳዳ አንጀቱ ገፍቶ ቡአ ወጥቶበት፣ መሸከም ተከልክሎ ዛሬ በር ጠባቂ ነው። እኔንም በር ላይ እንዳታስቀምጪኝ።»

ሥራው ያለ እንከን ሄደ። ከረጢቱን በእምብርታቸው በኩል ስቤ አወጣሁና፣ «የቆዳ ክር» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር አልሰጠችኝም። «መጀመሪያ ጣትሽን አስገቢ።»

«መሣሪያ ያስገባሁበት ቱቦ እኮ ቀጭን ነው። ጫፉም አይቆርጥም።»

«ስለገባው ማን ጠየቀሽ? የወጣውን አየሽው?»

ሳህኑ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ የእርግብ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ተቀምጧል። ጣቴን አስገባሁ፤ ሁለተኛውም ተከተለው። ለካ ቀዳዳውን የለካሁት በገባው ቱቦ እንጂ በወጣው ድንጋይ አልነበረም! ከቆዳው ሥር ያለውን ጠንካራ ሽፋን በወፍራም ክር ዘጋሁ።

«አሁን እንኪ» አለች ሲስተር፣ የቆዳውን ክር እያቀበለችኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ መጡ። ጣቴን እምብርታቸው ላይ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይሳሉ» አልኳቸው።

«ጉንፋን የለብኝ፣ ምን ያስለኛል?»

ሲስተር ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ጣቴን የገፋው ነገር የለም።

«እንግዲህ መሸከም ይችላሉ» ብዬ ሳልጨርስ፣ ጎንበስ ብለው ሲስተርን ከነወንበሯ ብድግ አደረጓት።

«ኧረ በሕግ! አውርዱኝ!»

«ዝም በይ፣ ከቁም ሳጥን አትከብጂም!»

«ቀስ በቀስ ማለቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሦስታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ቡአ ግን ቆይቶም ይወጣል። ዓመቱ ሲሞላ አላስችል አለኝና መልእክት ላክሁ፦ «ጋሼ፣ ሲሸከሙ እምብርትዎ ላይ የሚያብጥ ነገር አለ?»

መልሱ ሲዘገይብኝ፣ «እጃቸው ዕቃ ላይ ነው፤ በምን ይጻፉልሽ?» አለችኝ ሲስተር።

መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።