ሁለት በር ያለው ቤት

ጀናት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ የተማሪዎችን ወረቀት ትጠርዛለች። አንድ ቀን ደንበኛ ረስቶት የሄደ የሠርግ ካርድ እጇ ገባ። ስትከፍተው ከመሃሉ የወረቀት ድንኳን ብድግ አለ፤ ስትዘጋው ተኛ። ደጋግማ ከፍታ ዘጋችው። ሳምንት ሙሉ ባለቤቱን ጠብቃ ሳይመጣ ሲቀር ግን አላስቻላትም። በካተር ፈልቅቃ የትኛው እጥፋት የትኛውን እንደሚገፋ አየች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሷም መሥራት ጀመረች። መጀመሪያ መናኸሪያውን፣ ቀጥሎ እናቷ ያደጉበትን የያዮ ጫካ ሠራች። ጫካው አስቸገራት፤ ዛፉን አብዝታ ገጹ አልዘጋ አለ፤ ግማሹን መንቀል ነበረባት። የሚያዩት ሰዎች ስሙን «ብድግ የሚለው መጽሐፍ» አሉት። እሷም የሚገባውን ሁሉ «የማይረሳዎት ቦታ የት ነው?» ማለት ለመደች። መልሱ በጭራሽ የምትገምተው አይሆንም። አንዲት የኖፓ አስተማሪ የተማረችበትን ትምህርት ቤት የውሃ ቧንቧ መረጠች፤ ክፍሉን ሳይሆን ቧንቧውን። ጀናት እንዲህ ያሉ ስምንት ቦታዎችን ሰብስባ አንድ መጽሐፍ ልታደርጋቸው አሰበች።

አምስተኛው ቦታ የእትዬ ኡርጌ ነበር። እትዬ ኡርጌ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። የፈለጉት ቡሬ የነበረውን የአባታቸውን የአቶ ኩምሳን ቤት ነው። ቤቱ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል፤ ፎቶም የለውም። ሦስት ክፍል እንደነበረው፣ በሩና በረንዳው ቁልቁል ወደ ወንዙ እንደሚያይ ነገሯት። ጀናት በካርቶን የሚታጠፍ ሞዴል ሠርታ አሳየቻቸው፤ ጣሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ዲንቃ ከቡሬ ለጉዳይ መጡና ሞዴሉን አዩ። ቤቱ ጥሩ መሆኑን፣ በሩ ግን መገልበጡን ተናገሩ። እሳቸው በሚያውቁት በሩ ወደ ዋናው መንገድ ነበር። እትዬ ኡርጌ አልተቆጡም፤ ግን ከቃላቸው አልተነቃነቁም።

«ከዚያ በር ወጥቼ በወንዙ መንገድ ነው የሄድኩት» አሉ። «እንዴት እረሳዋለሁ?»

ጀናት በኋላ ከእናቷ እንደሰማችው፣ እትዬ ኡርጌ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የአባታቸውን ፈቃድ ሳያገኙ መቱ የሚነግድ ሙስሊም አግብተው ነው ከቤት የወጡት። ያኔ ጋሼ ዲንቃ የሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባትየው ደጄን እንዳትረግጥ አሉ፤ እትዬ ኡርጌም ዳግም አልረገጡም። ለአባታቸው ቀብር እንኳ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው የተመለሱት።

ጀናት ግድግዳውን ለማጣበቅ ኮላውን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። እውነቱን ሳታውቅ መቀጠል አቃታት። እሑድ ጠዋት ሞዴሉን ይዛ በጎሬ በኩል በሚኒባስ ቡሬ ሄደች።

የቤቱ ግማሽ አስፋልት ሆኗል፤ በቀረው ላይ የሞባይል መጠገኛ ቆሟል። ጠጋኙ ምንም አያውቅም፤ ግን አንድ ሽማግሌ አናጢ ጠቆማት። ጋሼ ሰቦቃ እቤታቸው በር ላይ በርጩማ ሲልጉ አገኘቻቸው። ጥያቄዋን ከመመለሳቸው በፊት ሞዴሉን ተቀብለው፣ ከፍተው ዘግተው፣ ያለ ሚስማር እንዴት እንደሚቆም ጠየቋት። እጥፋቱን አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሙያዋን ወደዱት።

«በሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቱ በሄደች በዓመቱ አቶ ኩምሳ አስጠሯቸው። በወንዙ በኩል መውጣትና መግባት እንደከበዳቸው ተናግረው፣ በመንገዱ በኩል አዲስ በር እንዲከፍቱ አዘዟቸው። ጋሼ ሰቦቃ በረንዳውን ነቅለው ወደ መንገዱ አዞሩት። ከዚያ አሮጌውን በር ሊመርጉ ጭቃ አስቦኩ።

«ጭቃው ቦክቶ ቀረ» አሉ ሽማግሌው። «ኩምሳ በሩ ላይ ቆሞ አላስነካም አለኝ። ‹ምናልባት ብትመጣ የምታውቀው ይሄንን ነው› አለ። ለማንም እንዳልናገርም አስማለኝ። እሱ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፤ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ጀናት ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ እጥፋት አሰበች። ፊትም ኋላም በር ያለው ቤት ሁለቱም ሲከፈቱ ወረቀቱ ይላላል፤ ቤቱ ይዘማል። አራት ጊዜ አበላሸች። በአምስተኛው መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ጨመረችና ቆመ። ገጹ ሲገለጥ የመንገዱ በር ቀድሞ ይከፈታል፤ ከታች ያለችውን ወረቀት ሲስቧት ደግሞ የወንዙ በር ይከተላል።

ጋሼ ዲንቃን በስልክ ጠርታ ሁለቱን በአንድ ላይ እትዬ ኡርጌ ቤት አስቀመጠቻቸው። ገና ሳታሳያቸው አናጢው ያሉትን አንድም ሳትቀንስ ነገረቻቸው። እትዬ ኡርጌ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ወረቀቷን ሳቡ። በሩ ተከፈተ። መልሰው ገፏት፤ ደግመው ሳቡ።

ጋሼ ዲንቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጓሮ፣ በወንዙ በኩል፣ አባታቸው በየማለዳው የሚከፍቱት በር እንደነበር፣ ልጆቹ እንዳይዘጉት ይከለከሉ እንደነበር፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ለአየር ነው ብለው ሲያስቡ መኖራቸውን ተናገሩ።

«እዚያ ይቀመጥ ነበር?» አሉ እትዬ ኡርጌ።

«ይቀመጥ ነበር።»

«ምን ላይ?»

ጋሼ ዲንቃ በእጃቸው ልኩን አሳዩ። ጠፍር የተወጠረበት ዝቅ ያለ ወንበር ነው፤ አንዱ እግሩ አጠር ስለሚል ድንጋይ ይደግፉበት ነበር። ጀናት እርሳስ አውጥታ መዘገበች። እትዬ ኡርጌ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ አባታቸው ሲሸመግሉ ጺማቸው ሸብቶ እንደነበር፣ ማን ልብሳቸውን ያጥብ እንደነበር፣ እንዴት እንደሞቱም ተራ በተራ ጠየቁ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ጠይቀው አያውቁም ነበር። ወንድምየው የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትንም አላውቅም አሉ።

መጽሐፉን ማን ይውሰድ የሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። ጀናት ይህንን ለስምንቱ ቦታዎች መጽሐፍ አስቀርታ፣ ወንበሩን ጨምራ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ቅጂ ለመሥራት ቃል ገባችላቸው። ለእነሱ ሁለተኛውን ጨርሳ እስክትሰጥ ሦስት ወር ፈጀባት፤ ስድስተኛውን ቦታ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።