ጋሽ አጥፉት ኮረንቲ ሲታዘዝላቸው

ኤሌክትሪሺያኑን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አጥፉት» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚቀድማቸው ቃል ይኸው ነበራ። አጥፉት ብለውም አያምኑም፤ ራሳቸው ሄደው ባልቦላውን ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። «ጠፍቷል» የሚል ሰው አምነው የተቀበሩ ባልደረቦች አሏቸው።

እንግዲህ ሐኪሟ ኮረንቲ ያዘዘችው ለእኚህ ሰው ነው።

ባታቸው ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነበር። ሁለቴ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሁለቴም ተመልሷል፤ ይኼኛው ሕክምና ካልያዘ እግሩ ይቆረጣል ተብሏል። ሐኪሟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ናት፤ በትዕግሥት አስረዳቻቸው።

«መድኃኒቱን እብጠቱ ውስጥ እወጋለሁ። የካንሰሩ ሴል ግን በሩን ዘግቶ አላስገባም ይላል። እብጠቱ ላይ በምንሰካቸው መርፌዎች መካከል ለቅጽበት ኮረንቲ ስንለቅበት ይከፍታል።»

«ማንኳኳት አይቻልም?» አሉ ጋሽ አጥፉት።

አይቻልም።

የቀጠሮው ቀን ጋውን አለበሷቸው። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብለው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የባልቦላ ሳጥን አዩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያደረገችው እጃቸው ናት፤ እሳቸውን አላማከረችም። የማከሚያ ክፍሉን የሶኬት መስመር ለይታ ባልቦላውን ነቀለች፣ ከዚያም ኪስ ፈለገች። ጋውን ኪስ የለውም። ባልቦላውን ጨብጠው ተመለሱና አልጋው ላይ ተጋደሙ። ሳምንቱን ሙሉ ሲንደፋደፍ የከረመ ልባቸው ያኔ ረጋ አለ።

ሐኪሟ ባታቸውን አደንዝዛ መድኃኒቱን ወጋች።

«አባባ፣ ጡጫዎን ይፍቱት፤ አያምም» አላቸው አጠገቧ የቆመው ነርስ።

«እንዲህ ይመቸኛል።»

ኮረንቲ የሚለቀው ማሽን ሲነካ ዝም አለ። የጣሪያው መብራት በሌላ መስመር ስለሆነ ቦግ ብሎ በርቷል። ነርሱ ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፤ አልሆን ሲለው ማሽኑን ጥፊ አቀመሰው። ጋሽ አጥፉት እንዲህ ያለ ጥገና ያንገሸግሻቸዋል፤ ዛሬ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። «የተወጋው መድኃኒት የሚጠብቀን ጥቂት ደቂቃ ነው። ካመለጠን ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ እግሩ...» አልጨረሰችውም። «ቶሎ ኤሌክትሪሺያን ጥሩልኝ።»

ነርሱ ደወለ። የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን ምሳ ወጥቷል። ጋሽ አጥፉት ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ጥግ ተቀምጠው የነበሩት ባለቤታቸው ተነሱ። የኚህን ሰውዬ ኪስ ሳይፈትሹ አንድም ቀን ሱሪ አጥበው የማያውቁ ሴት ናቸው። ጡጫውን አዩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አምጣ።»

«ምኑን?»

«አንተ ሰውዬ፣ አምጣ ብያለሁ።»

ጡጫው ተፈታ። የነርሱ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ፈራሁ» አሉ ጋሽ አጥፉት ለሚስታቸው ቀስ ብለው። «ምን ላድርግ፣ ፈራሁ።»

«እኔስ? አንድ እግር ሆነህ ሳስብህ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው።»

ጋሽ አጥፉት ባልቦላውን እንደያዙ ከአልጋው ወረዱ። ነርሱ ባልቦላውን ልመልስ ቢል ግን ወይ ፍንክች። የነርሱን ትከሻ ተደግፈው፣ የጋውናቸውን ኋላ በአንድ እጅ ሰብስበው፣ እያነከሱ ወጡና በገዛ እጃቸው አጥብቀው መለሱት። ሽቦው ጫፍ ላይ ሰው እንዳለ እያወቁ መስመር ሲከፍቱ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሰውየውም ራሳቸው ናቸው።

ተመልሰው ሲጋደሙ ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ።

«አትንኪኝ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው አይነኩም፤ ስንቴ ልንገርሽ?»

«ዝም ብለህ ተኛ» አሉና ጭራሽ በሁለት እጃቸው ያዙት።

ሐኪሟ መርፌዎቹን እብጠቱ ላይ ሰክታ ማሽኑን ነካችው። የጋሽ አጥፉት እግር ተፈናጥሮ የነርሱን ትሪ ከነመቀሱ ወለሉ ላይ በተነው። ደገመች፣ ሠለሰች፣ ስምንት አደረሰች። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንዴም አልለቀቁም። ኮረንቲው ወደ እሳቸው እንደማያልፍ የነገራቸው ሰው አልነበረም።