የናይለን ክር

የልጄ አሰልጣኝ «ከካራቴው ልብስ ሥር ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ትልበስ» ብላኝ ነበር። ለልብስ ሰፊ ልጅ ካናቴራ ከሱቅ ሊገዛ? ሰው ምን ይለኛል? ጥሩ ጥጥ መርጬ ራሴ ቆረጥኩ። ሲጎተት እንዳይተረተር ደግሞ ካፖርት በምሰፋበት የናይለን ክር ሰፋሁት።

ጠዋት ስትለብሰው «አባዬ፣ አንገቴን ይቆረቁረኛል» አለችኝ።

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት፣ ቆጣ ብዬ።

አሁን እሷ መወዳደሪያው ምንጣፍ ላይ ቆማለች፤ እኔ ከወላጆች ጋር ከገመዱ ወዲህ ተቀምጫለሁ። ዳኛው ቀጥ ብለሽ ቁሚ ይላታል፣ እሷ ትከሻዋን ታፍተለትላለች። ያ ክር ላብ ሲነካው ይብስበታል። መቀሴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስፌቱን አንገቷ ላይ ብበጥስላት ይበቃ ነበር። ግን ማን ያስገባኛል?

ግጥሚያው ተጀመረ። እጇ ወደ አንገቷ ሲሄድ ተጋጣሚዋ ደረቷን በእርግጫ አገኘቻት። ዓይኔ እያየ ነጥቡ ሄደ። ትንሽ ቆይታ አሁንም አንገቷን ልታክ ስትል ሌላው ሄደ።

ተሸንፋ ስትመጣ ኮሌታዋ ሥር ቀይ ሰንበር ወጥቷል። መቀሴን በኪሴ ውስጥ እነካካለሁ።

«ካናቴራው ግን አልተተረተረም፣ አባዬ» አለችኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።