የብልጭታ ክፍተት

መካኒኳ ቱቦውን በአየር ሞልታ፣ ዙሪያውን በብሩሽ የሳሙና አረፋ ቀባችና ጠበቀች። ቱርቦው አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር የሚያልፈው በዚህ ቱቦ ነው። አረፋው አንድም ቦታ አላበጠም። አየር አያመልጥም። ይህን ስታረጋግጥ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ችግሩ አንድ ቦታ አይቀመጥም። መመርመሪያው ማሽን ሰኞ ሁለተኛውን ሲሊንደር ከሰሰ፤ ረቡዕ አራተኛውን። ኮይሎቹን አቀያየረች፤ ኢንጀክተሮቹን አጠበች፤ የነዳጁን ግፊት ለካች። የጋራዡ ባለቤት አባቷም ብልጭታ የሚፈጥሩትን ካንዴላዎች ሁለት ጊዜ በአዲስ ቀየሩ፤ አንዴ ከሁለት ሳምንት በፊት መኪናው ለሰርቪስ ሲገባ፣ አንዴ ችግሩ ከጀመረ በኋላ። መኪናው ሜዳ ላይ ጨዋ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ግን መቆራረጥ ይጀምራል።

«ዳገት ሲያይ እንደ አማቴ ጉልበቴን ይላል» ብላ ነበር ባለመኪናዋ አዋላጅ ችግሩን ይዛ መጀመሪያ የመጣች ዕለት። ዛሬ አትቀልድም። ትናንት የጭነት መኪና ልትቀድም ወጥታ መሃል መንገድ ላይ አቅም አጥቶባታል። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልሆነ ወደ ሌላ ጋራዥ እንደምታስጎትተው ለመካኒኳ አባት በትሕትና ነግራቸዋለች። የሃያ ዓመት ደንበኛ ናት። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለች። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ ካንዴላዎች አስገዙ።

መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወዲህ ወዲያ አለች። አባቷ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ከካርቶን እያወጡ፣ የጫፋቸውን ክፍተት በመቆንጠጫ ከፈት ያደርጉና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይለካሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ነው። ፋብሪካ የለካውን አያምኑም። ሰፋ ያለ ክፍተት ሰፋ ያለ ብልጭታ ይሰጣል ብለው ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ለአሮጌዎቹ ሞተሮች ልክ ነበሩ።

ጨርቁ እጇ ላይ ቆመ። ሞተሩን ጥግ ለጥግ ስትፈትሽ አንድ ቦታ ብቻ አላየችም፤ የአባቷ እጅ ያለፈበትን። ቱርቦው ዳገት ላይ አየሩን ሲያምቀው ብልጭታው ያን ሰፊ ክፍተት መሻገር ያቅተዋል። ነፋስ ላይ ክብሪት እንደመጫር ነው፤ አንዴ እዚህ ይጠፋል፣ አንዴ እዚያ።

ብትናገር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናውን ያሳመሙት ራሳቸው መሆናቸውን ደንበኛቸው ባለችበት ልትነግራቸው ነው። ዝም ብላ ብታስተካክለው፣ ነገም ሌላ መኪና ላይ ይደግሙታል፤ እሷም ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የአባቷን ሥራ ስታፈርስ ልትኖር ነው። ሰዓቱን አየች። አምስት ተኩል ሆኗል።

አባቷ ሊታጠቡ ዞር ሲሉ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡትን ስስ የመለኪያ ብረቶች ከመሳቢያ አወጣች። አባቷ የከፈቱትን ለካች፤ አንድ ነጥብ አንድ ሚሊሜትር። ሞተሩ የሚፈልገው ዜሮ ነጥብ ሰባት ነው። የመጀመሪያውን አጠበበች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ጨርሳ ቀና ስትል አባቷ ቆመው ያዩዋታል።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ሞተር ጠበብ ያለ ነው የሚፈልገው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲሰፋ ቱርቦው ብልጭታውን ያጠፋዋል።»

ቀደም ሲል የቀየሯቸውስ ብለው ጠየቋት። እነሱም ሰፊ እንደነበሩ ነገረቻቸው። አባቷ ወደ አግዳሚው አዩ፤ አዋላጇ ስልክ እያነጋገረች ነው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። መለኪያውን ሰጠቻቸው። አንዱን ብረት ወደ ዐይናቸው አቀረቡ፤ አራቁ፤ ወደ ብርሃኑ አዞሩ፤ ሌላውን ገለጡ። ቁጥሮቹ የጉንዳን እግር ያህላሉ። ያኔ ገባት፤ በጥፍራቸው የሚለኩት ስለሚተማመኑበት ብቻ አልነበረም።

«ሰባት የቱ ነው?» አሉ።

ብረቱን ለይታ በጣቶቻቸው መሃል አስያዘቻቸው። አዋላጇ ስልኳን ዘግታ ብድግ አለች።

«እህስ፣ ጋሼ፣ ተገኘ?»

«ተገኘ» አሉ አባቷ ቀና ሳይሉ። ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳገኘው አልጨመሩም። አራተኛውን ካንዴላ አነሡ፤ ጫፉን በቀስታ መታ መታ አደረጉ፤ ብረቱን በክፍተቱ አሳለፉት። ያዝ ለቀቅ አደረገው። አንዴ ደገሙና ከሦስቱ ጎን አስቀመጡት።