ሪዛሙ የሰማይ እንግዳ

ሥራዋ ሰማይ ላይ ታየ የተባለውን፣ ስሙ ያልታወቀውን ነገር ሁሉ መመርመር ነው። አብራሪ «የማላውቀው ነገር በአጠገቤ አለፈ» ሲል፣ ራዳር ላይ ባለቤት የሌለው ነጥብ ብልጭ ሲል፣ ጉዳዩ የሚያርፈው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢሮዋ ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ክፍል ጎን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሰማይ ጉዳይ የሰጠው ቦታ ይኸው ነው እንግዲህ። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ምንድነው» ይሏታል። አትቀየምም። እስከዛሬ የመረመረችው ሁሉ ወይ ወፍ፣ ወይ ኮከብ፣ ወይ ነፋስ የወሰደው ፌስታል ሆኖ ሲገኝ ስቃ ፋይሉን ትዘጋዋለች።

በዚያ ሳምንት ግን ሳቁ እንቢ አላት። ከፊቷ የተቀመጡት ካፒቴን ጡረታ ሊወጡ አንድ በረራ ብቻ ነው የቀራቸው። ቅዳሜ በዚያ በረራ ላይ ረዳት ሆና ከጎናቸው የምትቀመጠው አዲስ አብራሪ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት። አባትና ልጅ በአንድ አውሮፕላን፣ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ! ሰኞ ዕለት ለማረፍ ሲወርዱ ግን አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አዩና ሪፖርት አደረጉ። ራዳሩም ነጥቡን አይቶታል፤ እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሰውየው «ፊት ነበረው» የሚል ጨመሩበት። በዚህች ቃል ከበረራ ታገዱ። ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነገሩ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ወደ አእምሮ ሐኪም ይላካሉ፤ ቅዳሜም ያመልጣቸዋል።

«ምነው የፊቱን ነገር እንኳ ቢተዉት ኖሮ?» አለቻቸው።

«ልጄን ያየሽውን ተናገሪ እያልኩ አሳድጌ፣ እኔ ልዋጠው?»

በእሷ ቢሮ አንድ ደንብ አለ፤ ያየ ሰው ያየውን በእጁ ይሥላል። እርሳሱን ስታቀብላቸው ካፒቴኑ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሥዕል አልችልም፣ እህቴ።»

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቻለ የለም፣ ካፒቴን። ይሞክሩ።»

እያላባቸው ሣሉ። ክብ ነገር፣ ዘንበል ያለች ኮፍያ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ፣ ከሥሩ ሊነበብ ያልቻለ ጽሑፍ፣ ከአገጩ የተንጠለጠለ ቀጭን መስመር። ወረቀቱን አየች። ካፒቴኑን አየች። መልሳ ወረቀቱን አየች።

«ካፒቴን… ይሄ እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አሉና በሩን ዞረው አዩ። «ረዳቴ ዓይኑ መሣሪያዎቹ ላይ ስለነበር አላየም። እኔ ግን አየሁት። እየሳቀብኝ አለፈ። ነፍሴ ናት አልኩ፤ ቀድማኝ ጡረታ የወጣች።»

ይስቁ ይሆናል ብላ ነበር። አልሳቁም። የእኚህ ሽማግሌ ነገር አንጀቷን በላው። ቢሆንም መርማሪ ናትና ጣቷን የተንጠለጠለው መስመር ላይ አደረገች።

«ይሄስ?»

«ክር ነገር ነው።»

ነፍስ ክር አላት እንዴ? አለች በሆዷ።

በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያው ማማ ወጣች። እዚያ የራዳር ክፍሉ አለቃ አርሙ ከሁለት ተቆጣጣሪዎች ጋር አለ። አርሙ ቅጽል ስሙ ነው፤ ያወጣለትም ሥራው ነው። ተቆጣጣሪ ለአብራሪ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ አብራሪው የሰማውን መልሶ ያነብለታል። ልክ ከሆነ «ልክ ነው» ይባላል፤ አንዲት ነገር ከሳተ ግን ሳይውል ሳያድር «አርሙ!» ነው። ሰውየው ይህን ዕድሜ ልኩን ሲል ኖሮ ልማዱ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ሠርግ ቤት እንኳ የሙሽራውን ንግግር አርሟል ይባላል።

ገና ስትገባ ወንበር ተወለወለላት። ሳትጠይቅ ሻይ መጣ። ትናንት ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ያልመለሱ ሰዎች! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሷም ጠረጠረች።

«ሰኞ ስለታየው ነገር የምታውቁት አለ?»

«ምንም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«ደግ። እንግዲያው የጻፍኩትን ላንብበውና ልሂድ።» ወረቀቷን አነሣችና በሬዲዮ እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋን አስተካከለች። «የታየው ነገር ብርማ ነው። ፊት አለው። ሪዝ የለውም።»

አርሙን ሻዩ ትን አለው።

«ኮፍያ አላደረገም።»

አርሙ ጣቱን አነሣ። ከጎኑ ያለችው ተቆጣጣሪ እጁን ያዝ አደረገችው።

«ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። የመጣውም ከምዕራብ…»

«ልክ አይደለም! አርሚ!» ብሎ ብድግ አለ። «ሪዝ አለው! ኮፍያም አለው! ቁመቱ የሰው ቁመት ነው! የተነሣውም ከዚሁ ከእኛው ጣሪያ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አርሙ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቱ ለአባቷ ስንብት ፎቶግራፋቸው የታተመበት ትልቅ ብርማ ፊኛ አሠራች። ቤት ብታስቀምጠው ያገኙታል ብላ ለእነአርሙ አደራ ሰጠች። እነሱም «ጋዝ ይይዝ እንደሆነ እንሞክረው» ብለው ጣሪያ ላይ ነፉት። ክሩን አንተ ይዘኸዋል፣ አንቺ ይዘሽዋል ሲባባሉ፣ የያዘው ሰው አልነበረም።

«ስንት አውሮፕላን በሰላም የምናሳርፍ ሰዎች፣ አንድ ፊኛ አመለጠን!» አለ አርሙ። «ለልጅቱ መንገር አፈርን። ካፒቴኑ አየሁት ማለታቸውን ስንሰማ ደግሞ ፈራን። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።»

«ጽሑፉስ ምን ይላል?»

በጆሮዋ ነገራት። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረና ብዕሯን ከደነች። እሱን ሪፖርቱ ላይ አላሰፈረችውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ አይደለም።

ሐሙስ አርሙ ራሱ ኮሚቴው ፊት ቆሞ ተናዘዘ። ሰብሳቢው ሊቆጡ ፊታቸውን አኮሳትረው ነበር፤ ሥዕሉን ከካፒቴኑ ጋር ሲያስተያዩ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች ዳግመኛ ጣሪያ ላይ እንዳይወጡ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። «ነገሩ ምንድን ነው?» በሚለው መጠይቅ ሥር ወይዘሮ ምንድነው በደማቁ «ካፒቴኑ ራሳቸው» ብላ ጻፈች። እገዳው ተነሣ።

ኮሪደሩ ላይ ካፒቴኑ ያዝ አደረጓት። «ጽሑፉ ምን ነበር የሚለው? ቶሎ ስላለፈኝ አላነበብኩትም።»

«እሱን ልጅዎ ታንብብልዎ» አለቻቸው።

ቅዳሜ ማማው ላይ ከአርሙ ጎን ቆማ አውሮፕላኑ ሲነሣ አየች። በአብራሪዎች ዘንድ መሪውን የያዘው ሰው በሬዲዮ አያወራም፤ የሚያወራው ጓደኛው ነው። ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው የልጅቱ ድምፅ ነበር። መሪው ላይ ያሉት አባትዬው ናቸው ማለት ነው።

«ማማ፣ የሰኞው ነገር የታየበት ቦታ ደርሰናል። ከፊታችን እንግዳ አለ?»

«ከእናንተ በቀር ማንም የለም» አለ አርሙ።

ከዚያ ድምፅ ጠፋ። አርሙ ተጨንቆ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ልጅቱ ለአባቷ እያነበበችላቸው ነው። ፊኛው ላይ የተጻፈው «አባዬ፣ አሁን ተራው የኔ ነው» የሚል ነበር።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ደስ ያለው።

«ማማ፣ ከእንግዲህ የማወራችሁ እኔ ነኝ። መሪው የልጄ ነው።»

አርሙ አፉን ከፈተ፤ የሚያርመው አጣ።

«ልክ ነው፣ ካፒቴን» አለ። «ልክ ነው።»