የማያየው ጎን

በያጁና ድመቱ ሲተዋወቁ ገና ጢም አላበቀሉም። ድመቱ የሚለውን ስም ያወጡለት የቦክስ ክለቡ ልጆች ናቸው፤ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም፣ መታሁት ሲሉት ሌላ ቦታ ይገኛል። በያጁ ደግሞ ቀኑን በርና መስኮት ሲበይድ ውሎ የተቃጠለ ብረት እየሸተተ ይመጣል። ክለቡ ድሮ ጋራዥ የነበረ አዳራሽ ነው፤ የዘይቱ ጥቁረት ከወለሉ አልለቀቀም። ክብደታቸው እኩል ስለነበረ አሰልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን አጣመራቸው። አንዱ ሌላውን እየደበደበ አደጉ ማለት ይቻላል። ጓንታቸውን ሲያወልቁ ግን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። ኋላም በያጁ የድመቱን እህት ሲያገባ ሚዜው ድመቱ ነበር። የሙሽራዋ ወንድም ለወንዱ ሚዜ ቆመ ተብሎ ዘመድ ሁሉ ጉድ አለ።

ውድድር ላይ ላይጋጠሙ ተማምለው ነበር። ለዓመታት ዕጣውም አክብሮላቸው ኖረ። ያን ዓመት ግን ብሔራዊ ቡድኑ በእነሱ ክብደት አንድ ሰው ብቻ ፈለገ፤ ሁለቱም እያሸነፉ መጡና ፍጻሜው ላይ ተፋጠጡ።

አሰልጣኙ ጠርቶ አስቀመጣቸው።

«ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ» አላቸው። «ጓደኛማ ቢጋጠም ይሻላል፤ ስለሚተዋወቅ አይጎዳዳም። የማትፈልጉ ከሆነ አንዳችሁ ውጡ። እኔ ግን ከማናችሁም ጋር አልቆምም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተመልካች መሃል እቀመጣለሁ።»

አንዳችሁ ውጡ ማለት ቀላል ነው። ሁለቱም ሠላሳን እያንኳኩ ነበር፤ ይቺ ካመለጠች ሌላ የለችም። በያጁ «ድመቱ ይተውልኝ ይሆናል» ብሎ ጠበቀ፤ ድመቱም «በያጁ ይተውልኛል» ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀኑ ደረሰ። ሚስትየው አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች «እኔስ ለማናችሁ ልጸልይ?» ብላ ጠየቀች። በያጁ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

በያጁን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነበር። የድመቱ ግራ ዓይን በጥጉ በኩል ጨልሟል። ይህን የሚያውቅ በያጁ ብቻ ነው፤ ልምምድ ላይ እሱ በቀኝ እጁ ዞር አድርጎ የሚሰነዝረው ቡጢ ያለ ወትሮው ድመቱ ላይ እየገባ ቢያስገርመው አፋጦ ጠየቀው።

«ሐኪም ይየው እንጂ» አለው።

«ይየውና ይከልክለኝ? የዳቦ መኪናውንስ ማን ይነዳልኛል? እናቴን ማን ያበላልኛል? ለማንም እንዳትተነፍስ።»

አልተነፈሰም። ይባስ ብሎ ከውድድሩ በፊት የጤና ምርመራ ሲደረግ ቀድሞት ገባና፣ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች በቃሉ ይዞ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሹክ አለው። ድመቱ ገብቶ አንድም ሳይስት አነበነባቸው። ሲወጣ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

በፍጻሜው የመጀመሪያ ዙር በያጁ የድመቱን የጨለመ ጎን ተወው። በግራው ብቻ ይሰነዝራል፤ ቀኙ አገጩ ሥር እንደተለጠፈ ቀረ። ድመቱ ወዲያው ገባው። ሲተቃቀፉ በጆሮው «ለኔ ልታዝንልኝ ነው? አትማረኝ!» አለውና፣ ዳኛው እንዳላቀቃቸው ከንፈሩን ሰነጠቀለት። ሁለተኛው ዙርም የድመቱ ሆነ። በሦስተኛው በያጁ በነጥብ መበለጡን ለማወቅ ዳኛ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ሳያስበው ነው እንዳይባል፣ አስቦበታል። ቀኙን ከአገጩ ሥር አላቀቀና ዞር አድርጎ ለቀቀው። ድመቱ አላየውም፤ ጭንቅላቱን እንኳ ዘወር አላደረገም። እንደገና ላከው። ሦስተኛው ሲያርፍ ድመቱ በጉልበቱ ተንበረከከና ወለሉን በእጁ መደባበስ ጀመረ፤ የወደቀበትን ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። ተመልካቹ ይጮሃል። አሰልጣኙ ብቻ ከመቀመጫው አልተነሳም።

ሐኪሞቹ ያችን ዓይን ሊያተርፏት አልቻሉም። ቀኟም ብትሆን አስተማማኝ አይደለችም አሉ። መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ፣ የዳቦ መኪናው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በያጁ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ሄዶ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት በማይችለው ሰው ተሸንፎ ተመለሰ። አማቱ ቤቱን መርገጥ ተወች። ሚስቱ አልሄደችበትም፤ ግን ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ ካልሆነ በቀር አታናግረውም።

ከወራት በኋላ ድመቱ መበየጃው ቤት መጣ። በያጁ የፊት መከላከያውን አወለቀና ወንበር ጠረገለት። ድመቱ ሳይቀመጥ ቆመ።

«ሦስቱንም ቡጢ አስበህ ነው?» አለው።

በያጁ ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። «አዎ።»

«አውቄአለሁ። አትማረኝ ያልኩህ እኔው ነኝ።» ድመቱ ቀጠለና «ጎድንህ ዳነች?» ብሎ ጠየቀው።

«የቷ ጎድን?»

«ክረምት ላይ በልምምድ የሰነጠቅኩብህ ናታ። እስትንፋስ እያጠረህ ለአሰልጣኙ እንኳ ደብቀኸው የለ? ያን ቀን ስንጋጠምም አልዳነችም ነበር፤ ጓንት ስታጠልቅ ፊትህን አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብነካት አንተ ትወድቅ ነበር።»

በያጁ ሦስቱንም ዙር በልቡ መለስ ብሎ ፈተሻቸው። ከንፈሩ፣ ግንባሩ፣ ሆዱ፣ ክንዱ። ጎድኑ አልተነካችም። ያን ጊዜ ልብም አላላትም፤ አንዴም ትዝ አላለችውም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» አለ ድመቱ። ንዴትም ወቀሳም በድምፁ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «እንዲያው ጎድኔን ይነካብኝ ይሆን ብለህ ስትሳቀቅ ከርመህ፣ ከፍርሃት መትተኸኝ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁት። አስበኸው አታውቅም ለካ።»

እናቱን ይዞ ሩቅ ያለ አጎቱ ዘንድ ሊገባ እንደሆነ ነገረውና ወጣ። ከበሩ አጠገብ የተደገፉት ብረቶች ላይ በትከሻው ገጭ አለ። በያጁ ሊደግፈው ተነስቶ ነበር፤ ግን የትኛውን ክንዱን እንደሚይዝ ግራ ገባው፣ እዚያው እንደቆመ ድመቱ መንገዱን ተሻገረ።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ የወንድሟን መምጣት ሰምታለች።

«መጥቶ ነበር አሉ። ምን አለህ?»

«ምንም።»

እራቱን ከፊቱ አስቀመጠችለት፤ የራሷን ሳህን ይዛ ልጆቹ ወዳሉበት ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው።