መሪጌታን ያስቀና ሟች

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በሕያው ሰው ቀንተው አያውቁም። በሟች፣ ያውም በምድር ላይ ተወልዶ በማያውቅ ሟች መቅናት የጀመሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም ወፍጮ ቤት ካዘወተሩ ወዲህ ነው።

አንድ ቀን ቁና ስንዴ፣ ሌላ ቀን የቁና እኩሌታ ገብስ ይዘው ይወጣሉ። ንፋስ መውጫ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት ቀድሞ መብራት ሲጠፋ ይራገም የነበረው ወረፈኛ፣ ዛሬ ሞተሩ ዝም ሲል ፊቱ ይፈካል፤ የባለ ወፍጮው ልጅ መምህርት ትርሲት የደረሰችውን ልብ ወለድ የምታነበው ያን ጊዜ ነውና። በታሪኩ ውስጥ ይስሐቅ የተባለ ንብ አርቢ ሞቶ ይቀበራል፤ ግን አመሻሽ ላይ ወደ ሚስቱ ወደ ሐረገ ወይን እየተመለሰ፣ በመንደሩ የጠፋውን ሁሉ አብረው ይፈልጋሉ።

«ደም አይፈስበት፣ ሰው አይታረድበት» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም ምስር እየለቀሙ። «ሌባው ተገኝቶ፣ ክሶ፣ ታርቆ አብሮ ይበላል። ልብ ያሳርፋል።»

«ሙት ቀፎ ፍለጋ ይመጣል? በሰማይ ሥራ ጠፋ?» አሉ መሪጌታ።

«ቢሆንም፣ ሞቶ እንኳ እየመጣ ‹ለመሆኑ አንቺ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?› ይላታል።»

ይህች ቃል እንደ እሾህ ወጋቻቸው። መሪጌታ በጉብዝናቸው የበሬ ሌባ ያወጡበትን አውጫጭኝ፣ ያን አገር ሁሉ ተሰብስቦ የመከረበትን ሸንጎ፣ በየሰንበቴው ሲተርኩ ኖረዋል። በሥርዓቱ ስሙ የማይገለጥ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። ያኔም የነፍስ አባታቸው የወፏን ቃል አደረሱላቸው፦ «ተጠርጣሪው በሬው የጠፋ ዕለት እስቴ ገበያ ዋልሁ ይላል፤ ያን ዕለት ግን ገበያ አልቆመም።» አባ የወፏን ስም ሳይናገሩ ዐረፉ፤ ክብሩ ለመሪጌታ ሆነ። ይህን ታሪክ አመተ ማርያም አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ይሰሙት ነበር። አሁን ያ ጆሮ የይስሐቅ ሆነ።

በማግስቱ መሪጌታ ሟቹን ሊያዋርዱት ሚስታቸውን ተከትለው ወፍጮ ቤት ገቡ። መብራት ጠፋ፤ ትርሲትም የደብሩ ከበሮ ከተሰረቀበት ቦታ ቀጠለች። ጥቂት እንዳነበበች መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ሙት ለምስክርነት አይቆምም። ሌባው ያ ከወገዳ የመጣው እንግዳ ነጋዴ ነው፤ አለቀ።»

ወረፋ የያዘችው የጨርቅ ነጋዴዋ ጦይባ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። «መሪጌታ፣ እንግዳ መወንጀልማ ማን ያቅተዋል? እንዲህ ባለ ታሪክ ሌባው የራስ ጎረቤት ነው።»

ወረፈኛው ሳቀ። አመተ ማርያም ግን አልሳቁም፤ ያልተፈጨ ገብሳቸውን አንሥተው ወጡ።

መሪጌታም ተከተሏቸው። ከምንጩ ሲደርሱ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቃሉ ከአፋቸው የወጣው እንደ ተነቀለ ጥርስ ነው።

«ለመሆኑ አንቺ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

አመተ ማርያም ቆሙ። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም።

«ደሴን፣ የነሐረገ ወይንን ጎረቤት» አሉ። «ከበሮው የጠፋ ዕለት ገብስ ስወቃ ዋልሁ ብሏል። ያን ዕለት ግን ዝናብ ሲጥል እንደዋለ ትርሲት ቀድማ አንብባልናለች። በዝናብ ማን ይወቃል?»

መሪጌታ የሚስታቸውን ፊት አዲስ ሰው እንዳዩ ተመለከቱ። ይህን አመዛዘን ያውቁታል፤ በየሰንበቴው የራሳቸው አስመስለው ሲተርኩት ኖረዋል። ያቺ ወፍ ይህን ሁሉ ዘመን ከጎናቸው ስትራመድ ኖራለች።

«ያኔ... የበሬው ጊዜ...»

«የወፍ ስም አይጠራም፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ ገብሱን ከሚስታቸው ትከሻ ተቀብለው ተሸከሙ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ቅናቱ እንደገና ቆነጠጣቸው።

«ያ ይስሐቅ በሕይወት ሳለም ይጠይቃት ነበር?»

«የለም። ከሞተ በኋላ ነው የተማረው።»

መሪጌታ ወገባቸውን አቀኑ።

«እንግዲያው ቀድሜዋለሁ» አሉ።